መሰላሉን ማን ያቆማል?

የማኅበራችን የወጣቶች ጉዳይ ኮሚቴ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ያቀረበው ንግግር



ስለ ወጣቶች እንድንናገር ስንጠየቅ ብዙዎቻችሁ ስለ ሒሳብ ማጠናከሪያና ስለ ኮሌጅ ማመልከቻ የምናወራ መስሏችሁ ይሆናል። እሱ በጽሑፍ ሪፖርታችን ውስጥ አለ። ዛሬ የምናወራችሁ ግን ስለ አንድ የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪ ወጣት ነው። ፈገግ ያላችሁትን አይተናል፤ አልተሳሳታችሁም። በዚህ በዋሽንግተን አካባቢ ከምንኖረው መካከል ባሏ፣ ወንድሟ ወይም አባቷ ታክሲ ያልነዳ፣ አለዚያም ፓርኪንግ ያልሠራ ጥቂት ናት። መኪና ለእኛ የልጆች ማሳደጊያ ነው እንጂ ጨዋታ ሆኖ አያውቅም። «ልጄ መኪና ነጂ እንዲሆን አይደለም አሜሪካ የመጣሁት» ስንት ጊዜ ተባብለናል!

ይህን ታሪክ የመረጥነው ልጆቻችን ወደ እሽቅድምድም ይግቡ ለማለት አይደለም። ዛሬ በእጃችሁ ላይ ስላለው የውሳኔ ሐሳብ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ስላላገኘን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንናገራለን።

ወጣቱ ራጃ ካሩት ይባላል። በ2002 አትላንታ ተወለደ፤ ያደገው ግን እዚሁ እኛ ባለንበት ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ቤተሰቡ ከመኪና እሽቅድምድም ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። ልጁ ትንሽ ሳለ «ካርስ» የሚባለውን የካርቱን ፊልም አይቶ ልቡ እዚያው ቀረ። ስንቶቻችን ያንን ፊልም ለልጆቻችን ከፍተን እራት ሠርተናል! የብዙዎቹ ፍቅር ከአሻንጉሊቱ ጋር አብሮ አለፈ፤ የእሱ አላለፈም።

አሁን ስለ ውድድሩ ጥቂት እንበል። ስቶክ ካር የሚባለው እሽቅድምድም ስሙን ያገኘው በመጀመሪያው ዘመን የሚወዳደሩት መኪናዎች ማንም ሰው ከሻጭ የሚገዛቸው ተራ መኪናዎች ስለነበሩ ነው። ዛሬ ቅርጻቸው ብቻ ይመስላል እንጂ ለውድድር ተብለው የሚሠሩ ናቸው። ውድድሩን የሚመራው በ1948 የተቋቋመው ናስካር ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ሦስት እርከኖች አሉት። ከታች የፒክአፕ መኪናዎች ውድድር፣ ከዚያ ሁለተኛው ደረጃ፣ ከሁሉም በላይ የዋንጫው ውድድር ይገኛል። ወደ ታችኛው እርከን ለመድረስ ራሱ ሌሎች ደረጃዎች አሉ፤ ትንንሽ መኪናዎች፣ የየከተማው የቅዳሜ ማታ ውድድሮች፣ ከዚያም አርካ የሚባለው መለማመጃ ውድድር። ብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች ገና በሕፃንነታቸው ካርት በሚባለው ትንሽ መኪና የጀመሩ፣ አባት ወይም አያት ያሽከረከሩላቸው፣ ጋራዥ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች ናቸው። ከፍ ወዳለው ሲኬድ ደግሞ የአንድ ዓመት ወጪ በሚሊዮን ዶላር ይቆጠራል። ስፖንሰር ያላገኘ ተወዳዳሪ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ወንበር አያገኝም።

እንግዲህ ጋራዥ የሌለው የዲሲ ልጅ ከየት ይጀምር? የጀመረው ከኮምፒውተር ነው።

ሲሙሌተር ይባላል። ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘ መሪና ፔዳል ነው። «ያው ጌም ነው!» እንደምትሉ እናውቃለን፤ በየቤታችን ስንጮህበት የምንውለው ቃል ነው። ነገር ግን ራጃ የሠለጠነበት አይሬሲንግ የተባለው ፕሮግራም እውነተኞቹን የውድድር ሜዳዎች በሌዘር እየለካ የሚሠራቸው ነው። የአስፋልቱ ጎርበጥ ያለ ቦታ ሳይቀር በስክሪኑ ላይ አለ። የታወቁ ተወዳዳሪዎችም ይለማመዱበታል። ልጁ እውነተኛ የውድድር መኪና ውስጥ ሳይገባ መቼ ፍሬን እንደሚይዝ፣ መሪውን መቼ እንደሚያላላ፣ ከፊት ያለውን በየት በኩል እንደሚያልፍ እዚያ ተማረ። ሲጋጭ የተሰበረ ብረት አልነበረም፤ የሚከፈል ዕዳም አልነበረም። ለጀማሪ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ስህተቱ ውድ ያልሆነበት ቦታ ማግኘት።

ናስካር ለወጣቶች ባዘጋጀው የኮምፒውተር ውድድር ላይ ጥሩ ውጤት ሲያሳይ የሚመለከቱት ሰዎች ነበሩ። በ2004 የተጀመረ «ድራይቭ ፎር ዳይቨርሲቲ» የሚባል ፕሮግራም ነበር። ዓላማው ከዚህ ስፖርት ውጭ የቀሩትን፣ ማለትም ጥቁሮችን፣ የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸውን፣ የእስያ ተወላጆችንና ሴቶችን ማስገባት ነበር። ወጣቶቹን የሚያሠለጥነው ማክስ ሲገል የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊ ጠበቃና የስፖርት አስተዳዳሪ የሚመሩት፣ ኖርዝ ካሮላይና የሚገኘው ሬቭ ሬሲንግ ቡድን ነው። ባባ ዋላስ፣ ካይል ላርሰንና ሜክሲኮ የተወለደው ዳንኤል ሱዋሬዝ በዚህ በር አልፈው እስከ ዋንጫው ውድድር ደርሰዋል።

እዚህ ላይ እንድታስተውሉልን የምንፈልገው አለ። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ልጅ መኪና ገዝቶ አልሰጠም። መኪናዎቹ፣ ጋራዡ፣ መካኒኮቹና አሠልጣኞቹ የቡድኑ ናቸው። ልጁ ይመጣል፣ ይፈተናል፣ በጋራው ዕቃ ይሠለጥናል፤ የማይሆንለት ሲወጣ ዕቃው ለሚቀጥለው ልጅ ይቆያል። አያቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህንኑ ነው። ዕቁብና ዕድር የምናውቅ እኛ ይህን ከማንም በላይ እንረዳዋለን።

በ2019 ራጃ በሞተር ሳይክል ሞተር በምትሠራ ትንሽ መኪና ላይ ተቀመጠ። በ2020 ወደ አካባቢ ውድድሮች አለፈ፤ በ2021 በአርካ የምሥራቅ ክፍል ተወዳደረ። በ2022 የአርካን ሙሉ ዓመት ተወዳድሮ በነጥብ ሦስተኛ ወጣ። የዚያን ዓመት ዋንጫ የወሰደው የገዛ ቡድኑ ልጅ ኒክ ሳንቼዝ ነበር። በዚያው ዓመት በአገር አቀፍ ውድድሮች ላይም አልፎ አልፎ ብቅ ማለት ጀመረ። በ2023 በፒክአፕ ውድድር ሙሉ ዓመት ተወዳደረ፤ አላሸነፈም። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ የሚነዳለት ቡድን ሥራውን አቆመ። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፣ ድል የለውም፣ ቡድኑ ተዘግቷል። በዚህ ቦታ ላይ ስንት ሰው ቀርቷል!

ይህ ሁሉ ሲሆን ትምህርቱን አልተወም። በኖርዝ ካሮላይና በሚገኘውና በታሪክ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ በሆነው በዊንስተን ሴለም ስቴት የሞተር ስፖርት አስተዳደር ይማር ነበር። ቅዳሜና እሑድን በውድድር ሜዳ፣ ሌላውን ቀን በክፍል እያሳለፈ በ2024 ተመረቀ። ውድድሩ ቢከሽፍ እንኳ በእጁ የሚቀር ሙያ ነበረው ማለት ነው። «መኪናውን ወይስ ትምህርቱን?» ብለው ልጆቻቸውን ለሚያስጨንቁ ወላጆች ይህን ደግመን እንነግራቸዋለን።

በ2024 ስፓየር ሞተርስፖርትስ የተባለ ቡድን ወሰደው። ገንዘቡ ግን ለዓመቱ በሙሉ አልተሟላም ነበር። መጋቢት 1 ቀን ማታ ላስ ቬጋስ ላይ በማጣሪያው ፈጣኑን ሰዓት አስመዝግቦ ከሁሉም ፊት ተነሣ፤ 134 ዙር ሲጠናቀቅም አንደኛ ሆኖ ገባ። ከዚያ በኋላ ይደግፈው የነበረው የሄንድሪክ የመኪና ሽያጭ ኩባንያ የቀሩትን ውድድሮች ለመሸፈን ቃል ገባ። በ2025 ግንቦት መጨረሻ ደግሞ ናሽቪል ላይ ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የላስ ቬጋሱ ድል ሌላም ትርጉም ነበረው። በናስካር አገር አቀፍ ውድድሮች ታሪክ ራጃ ያሸነፈ ሦስተኛው ጥቁር ሆነ። ሁለተኛው በ2013 ፒክአፕ እየነዳ ያሸነፈው ባባ ዋላስ ነው። የመጀመሪያውስ? የእሳቸውን ታሪክ ትሰሙ ዘንድ እንለምናችኋለን፤ መሰላል በሌለበት መውጣት ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረን እሱ ነውና።

ዌንዴል ስኮት ከእኛ ብዙ ሳይርቁ፣ እዚሁ ቨርጂኒያ ዳንቪል በ1921 ተወለዱ። ታክሲ ነድተው አድረዋል። አዎ፣ የታክሲ ሾፌር ነበሩ! በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሠራዊቱ ውስጥ መካኒክ ሆነው አገለገሉ፤ ሲመለሱ የመኪና ጥገና ቤት ከፈቱ። በ1952 ጥቁርና ነጭ በተለያየ በር በሚገቡበት ዘመን መወዳደር ጀመሩ። ስፖንሰር የላቸውም፣ ሀብታም ቡድን የላቸውም። መኪናቸውን ራሳቸው ይጠግኑ ነበር፤ ጎማ የሚቀይሩላቸውና ነዳጅ የሚሞሉላቸው የገዛ ልጆቻቸው ነበሩ።

ታኅሣሥ 1 ቀን 1963 ጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ ላይ በከፍተኛው ደረጃ ውድድር ሌሎቹን በሁለት ዙር ቀድመው ጨረሱ። ባንዲራው ግን አልተውለበለበላቸውም። ሁለተኛ ለወጡት ለነጩ ተወዳዳሪ ለበክ ቤከር «አሸናፊ» ተባለ፤ ዋንጫውም ተሰጣቸው። በኋላ፣ ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ «የቆጠራ ስህተት ነው» ተብሎ ድሉ ለስኮት ተመዘገበ። ዋንጫውን ሳያገኙ በ1990 አረፉ። በ2015 በናስካር የዝነኞች አዳራሽ ስማቸው ሰፈረ። ናስካር ለዚያ ድል የሰጠው ዋንጫ በቤተሰቡ እጅ የገባው በ2021፣ ውድድሩ ከተካሄደ ከ57 ዓመታት በኋላ ነው።

ወደ 500 በሚጠጉ ከፍተኛ ውድድሮች የተነሡ ሰው በእነዚያ ውድድሮች የተመዘገበላቸው ድል አንድ ብቻ መሆኑን ስናስብ «ችሎታ አነሳቸው» የሚል አይኖርም። ያነሳቸው የተሻለ ሞተር፣ አዲስ ጎማና ከኋላቸው የሚቆም ገንዘብ ነው። ከእሳቸው ድል እስከ ባባ ዋላስ ድል 50 ዓመት አለፈ። በእነዚያ ዓመታት ጥቁር ጎበዝ ነጂ አልተወለደም ነበር? ተወልዷል፤ የት እንደቀረ የሚያውቅ ግን የለም። ማኅበራችንን የሚያሳስበው ይህ ነው። የወደቀውን ልጅ እናየዋለን፤ ያልጀመረውን ግን ማንም አያየውም።

እናንተ የሴቶች ማኅበር ናችሁና «ሴቶችስ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በ1949 በሻርለት በተካሄደው የመጀመሪያው የዚህ ከፍተኛ ደረጃ ውድድር ላይ ሳራ ክርስቲያን የምትባል ሴት ነበረች። ስለዚህ ሴት በኋላ የገባች እንግዳ አይደለችም። በ1976 ጃኔት ጋትሪ የተባሉ፣ በትምህርታቸው የፊዚክስ ምሩቅ፣ በሥራቸው የበረራ መሐንዲስ የነበሩ ሴት በሻርለቱ የ600 ማይል ውድድር ተወዳድረው 15ኛ ወጡ። መኪናዋን ያቀረበችው ሊንዳ ፌሬሪ የምትባል የባንክ ባለሙያ ነበረች። ልብ በሉ፤ ለሴቷ መሪውን የሰጠቻት ሌላ ሴት ናት። ጃኔት በሚቀጥለው ዓመት በታላቁ የዴይቶና ውድድር 12ኛ ወጡ። «ሴት ይህን ያህል ርቀት አትችልም» ያሉት ሁሉ ዝም አሉ። ሆኖም ስፖንሰር አጡ፤ ገና ማሽከርከር የሚችሉ ሳሉም ከውድድሩ ወጡ።

በቅርቡ ደግሞ ብሬሃና ዳንኤልስ አለች። በቨርጂኒያው ኖርፎክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ትጫወት ነበር። ራጃ የገባበት ፕሮግራም ጎማ ቀያሪዎችንም ስለሚያሠለጥን እሷን ከዩኒቨርሲቲዋ አግኝቶ ጠራት። መኪናው ለጥቂት ሴኮንዶች ሲቆም በመሣሪያ ብሎኑን ፈትታ፣ ጎማውን ቀይራ፣ መልሳ ታስር ነበር። በዚህ ሥራ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች፤ በ2018ም ዴይቶና ላይ በዋንጫው ውድድር ሠራች። ከዚያ በፊት ስለ ስፖርቱ ብዙም አታውቅም ነበር። ሰው መጥቶ «ነይ፣ ሞክሪ» ስላላት ነው የገባችው። ከልጆቻችን መካከል ስንቶቹ ያንን ቃል እየጠበቁ እንደሆነ ማን ያውቃል?

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ።

የወጣቶች ገንዘባችን እስከ ዛሬ ለመጽሐፍ፣ ለማጠናከሪያ ትምህርትና ለፈተና ክፍያ ውሏል። ይህ ይቀጥላል፤ ከእሱ አንዲት ሳንቲም እንድትነሣ አልጠየቅንም። የምንጠይቀው ለብቻው የሚሰበሰብ ትንሽ የሙከራ ገንዘብ እንዲቋቋም ነው። ልብስ መስፋት የምትፈልግ ልጅ አለች፤ ማሽን የላትም። ካሜራ የሚወድ አለ፤ ከጓደኛው እየተዋሰ ነው። መኪና መጠገን የሚወድም አለ፤ እናቱ «እጅህን ታጠብ» ስትለው ይውላል። ለእነዚህ የምናስበው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የሚገዛው ዕቃ የማኅበሩ ይሆናል። በስም ተመዝግቦ በውሰት ይወጣል፤ አንዱ ሲጨርስ ለሌላው ይተላለፋል። ለአንድ ልጅ በግል የሚሰጥ ገንዘብ አይኖርም። ዕቃው ሲበላሽ ከገንዘቡ ይጠገናል እንጂ ወላጅ አይጠየቅም። ስህተት ውድ እንዳይሆን ያልነው ይህን ነው።

ሁለተኛ፣ ልጁ ትምህርቱን እንደቀጠለ በየሴሚስተሩ ለኮሚቴው ያሳያል። ራጃ ዲግሪውንና መሪውን ጎን ለጎን እንደያዘ፣ የእኛም ልጆች አንዱን ለአንዱ አይለውጡም።

ሦስተኛ፣ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር ይመደባል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሰው ይጠይቃል። በመካከላችን ልብስ ሰፊ አለች፣ ነርስ አለች፣ ሒሳብ ሠራተኛ አለች፤ ባሎቻችን ውስጥ መካኒክ ሞልቷል። ማንም የማይከታተለው ማሽን ከአልጋ ሥር አቧራ ለብሶ እንደሚቀር ሁላችንም እናውቃለን።

ደጋፊዎቻችን «ከእነዚህ ልጆች ስንቱ ለቁም ነገር ይበቃል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ተገቢ ነው። ቁጥር ቆርጠን ቃል አንገባላችሁም። አብዛኞቹ ሞክረው ይተዉታል፤ ከዚያ ያመጡት ትዕግሥትና የእጅ ሥራ ግን አብሯቸው ይቀራል። ጥቂቶቹ ይቀጥላሉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ራጃ ካሩት ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ ወደፊት ላስ ቬጋስ ላይ የሚያሸንፍ ሰው መሆኑ ግንባሩ ላይ አልተጻፈም ነበር። ከ2019 እስከ 2024 አምስት ዓመት ፈጅቶበታል። ስለዚህ በአንድ ዓመት ውጤት እንዳትመዝኑን እንለምናለን። በየዓመቱ ግን ምን እንደገዛን፣ ማን እንደተጠቀመበትና ዕቃው የት እንዳለ በዚህ ጋዜጣ ላይ ዝርዝሩን እናወጣለን።

አንድ የፈራነውን ነገርም በግልጽ እንናገር። ይህ ገንዘብ የሚጮኹ እናቶች ልጆች ብቻ የሚጠቀሙበት እንዳይሆን እንሰጋለን። በሁለት ፈረቃ የምትሠራ፣ ስብሰባ የማትመጣ፣ ጠይቂ ብትባል የምታፍር እናት አለች፤ የእሷ ልጅ ነው በመጀመሪያ መታየት ያለበት። ስለዚህ ማመልከቻ ይዘው እስኪመጡልን አንጠብቅም፤ የብሬሃናን ነገር አስታውሱ፣ ሄደን እንጠራቸዋለን። ስም የምታውቁ ንገሩን።

ችሎታ የልጁ ነው፤ ጥረቱም የእሱ ነው። የመጀመሪያውን ደረጃ ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥና ሁለተኛውን በጋራ መያዝ ግን የልጁ ሥራ አይደለም፤ የትልልቆች ሥራ ነው። ዌንዴል ስኮት ያለ መሰላል በጥፍራቸው ወጡ፤ ያንን ጉልበት ከማንም ልጅ ልንጠይቅ አይገባም።

የውሳኔ ሐሳቡ ከሻይ በኋላ ለድምፅ ይቀርባል። ጥያቄ ያላችሁ በሻይ ሰዓት አነጋግሩን፤ የማትስማሙም ተነሥታችሁ ተናገሩ።